ራጁ «እውነተኛ ነው» ያለው ዛጎል

የህንድ ፊልም የምትወዱ ከሆነ ድምፁን ታውቁታላችሁ። ጦርነት ሊጀመር ሲል ወይም ቤተ መቅደስ ውስጥ የጠዋት አምልኮ ሲከፈት፣ አንድ ሰው ትልቅ ነጭ ዛጎል አንስቶ ይነፋል። እንደ መለከት ያለ ረዥም ድምፅ ይወጣል። ይህ ዛጎል ሻንካ ይባላል። ሂንዱዎች ቪሽኑን ሲስሉት በአንድ እጁ ሻንካ አስይዘው ነው። በባጋቫድ ጊታ መጀመሪያ ላይም ክሪሽና ፓንቻጃንያ የተባለውን፣ አርጁና ደግሞ ዴቫዳታ የተባለውን የየራሳቸውን ሻንካ ይነፋሉ።

እኔ ግን የምጽፍላችሁ ስለ እምነቱ ሳይሆን ስለ ገበያው ነው። ሻንካ ሻጮች ለገዢው «እውነተኛውን ከሐሰተኛው የምትለዩት እንዲህ ነው» እያሉ የሚሰጡት ምክር አለ። ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ፣ ጨው ውሃ ውስጥ አሳድሩ፣ ራጅ አስነሱ ይላሉ። የምህንድስና ሰው ስለሆንኩ አንድ መለኪያ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይሄ ነገር መቼ ነው ‹አይደለም› የሚለው?» ብዬ ነው። እነዚህን ምክሮች በዚህ ጥያቄ ስፈትሻቸው አብዛኞቹ ወደቁ። ገበያው ላይ በብዛት የሚዞረውን አሳሳች ዛጎል አንዳቸውም መጣል አይችሉም። ገዢው ደግሞ ለቤተ መቅደሱ ወይም ለቤቱ የጸሎት ቦታ ብሎ ያጠራቀመውን ብር ይዞ የሚመጣ ሰው ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ለአምልኮ የሚፈለገው ሻንካ ተርቢኔላ ፓይረም የተባለ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። የሚኖረው በህንድ ውቅያኖስ ሲሆን፣ በተለይ የሚታወቀው በደቡብ ህንድና በስሪላንካ መካከል ባለው የማናር ባሕረ ሰላጤና በፖክ ሰርጥ አካባቢ ነው። ጠላቂዎች ከባሕር ወለል ለቅመው ያወጡታል። ሲወጣ ነጭ አይደለም፤ ቡናማ ቆዳ መሰል ሽፋን አለው። ሽፋኑ ተፍቆ ዛጎሉ ሲወለወል ነው ያ ወተት የመሰለ ነጭ የሚወጣው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ በእጅ ሲያነሱት ከጠበቁት በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ዛጎል ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ጄምስ ሆርኔል የተባለ የማድራስ የዓሣ ሀብት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1914 ያሳተመው አንድ ሙሉ ጥናት አለ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ የሻጮቹ ምክር ግን ዛሬም ያነበበው አይመስልም።

በቤተ መቅደስ ውስጥ ሻንካ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንደኛው መነፋት ነው። ለዚህ ሹል ጫፉ ተቆርጦ የከንፈር ማስገቢያ ይበጅለታል። ሁለተኛው የተቀደሰ ውሃ መያዝና በአምላኩ ምስል ላይ ማፍሰስ ነው፤ ይህኛው ጫፉ አይቆረጥም። በታሚል ናዱ በሚገኙ የሺቫ ቤተ መቅደሶች ካርቲካይ በሚባለው ወር 108 ወይም 1008 ሻንካ ውሃ ተሞልቶ የሚደረደርበት ሥርዓት አለ። ለዚህ ሁሉ የሚያገለግለው ተራው ሻንካ ነው። ተራው ላይ ብዙ ማጭበርበር የለም፤ ብዙ ስለሆነ ማን ይደክምበታል?

ችግሩ ያለው ዳክሺናቫርቲ የሚባለው ላይ ነው። በታሚልኛ ቫላምፑሪ ይሉታል። ትርጉሙ «ወደ ቀኝ የሚዞር» እንደ ማለት ነው። ይህኛው አይነፋም፤ የሀብት እመቤት ከሆነችው ከላክሽሚ ጋር ተያይዞ በክብር ይቀመጣል። በተፈጥሮ እጅግ ብርቅ ነው። ዋጋውም እንደ ብርቅነቱ ነው። ሻጩም፣ አጭበርባሪውም፣ የምስክር ወረቀት ሰጪውም የሚሰበሰቡት እሱ ዙሪያ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል፤ «ቀኝ» የምትለዋ ቃል ብዙ ሰው ታሳስታለች። ክረምት ላይ ግድግዳ ላይ የሚሄድ ቀንድ አውጣ ስታገኙ ባዶ ቤቱን አንሱና ሹል ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እናንተ አድርጉት። አፉ በቀኝ በኩል ከሆነ የሥነ ሕይወት ሰዎች «ቀኝ ዞሮ» ይሉታል። አብዛኞቹ የቀንድ አውጣ ዝርያዎች እንዲህ ናቸው፤ ተርቢኔላም እንዲሁ። በህንድ ግን ሻንካ የሚያዘው ተገልብጦ ነው፤ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች፣ ጅራት የሚመስለው ጠባብ ቦይ ወደ ላይ። ሲገለበጥ የተራው ዛጎል አፍ በግራ በኩል ይሆናል። ስለዚህ ሳይንቲስቱ «ቀኝ» የሚለውን ተራ ዛጎል የህንዱ ሊቅ ቫማቫርቲ፣ «ግራ» ይለዋል። ብርቁን ደግሞ ሳይንቲስቱ «ግራ»፣ የህንዱ ሊቅ «ቀኝ»። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ አያያዛቸው ነው የተለያየው።

መገልበጡ ግን የዛጎሉን አዟዟር አይለውጠውም። ብሎን አስቡ። ብሎኑን ብትገለብጡትም ጥርሱ አቅጣጫ አይቀይርም፤ ዳዶውን ከየትኛውም ጫፍ ብታስገቡት በዚያው አቅጣጫ ነው የሚጠብቀው። የቀኝ ብሎንን ወደ ግራ ብሎን የሚቀይር አንድ ነገር ብቻ አለ፤ መስታወት። ተራ ሻንካ ፎቶ አንስታችሁ በስልካችሁ ምስሉን ቀኙን ወደ ግራ ብታዞሩት ዳክሺናቫርቲ ሆኖ ይወጣል። ወጪው ዜሮ ነው። በፎቶ ብቻ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ከዛጎሉ አጠገብ የተጻፈ ወረቀት ወይም ጋዜጣ እንዲቀመጥ መጠየቅ አለበት፤ ጽሑፉ ተገልብጦ ከታየ ነገሩ አለቀ።

ይሄ ግን ተራ ሌብነት ነው። የበለጠ የሚገርመው እውነተኛ ሆኖ የሚያሳስተው ዛጎል ነው።

ከህንድ በጣም ርቆ፣ በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ የመብረቅ ዌልክ የሚባል የባሕር ቀንድ አውጣ ይኖራል። ስሙን ያገኘው ወጣት ሳለ ዛጎሉ ላይ ከሚታዩት መብረቅ መሳይ ቡናማ መስመሮች ነው። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1987 የግዛቷ ምልክት ዛጎል አድርጋዋለች። ይህ ዝርያ ልዩ የሚያደርገው ነገር አለ፤ በተፈጥሮው የሚዞረው በተቃራኒው ነው። ለሻንካ ከስንት አንድ የሚያጋጥመው አዟዟር ለእሱ የዘወትር መልኩ ነው። ትከሻው ላይ ያሉት ጉብታዎች ተሞርደው፣ ቀለሙ ተፍቆና ተወልውሎ ነጭ ሲሆን፣ ሻንካን በቅርብ የማያውቅ ሰው ዳክሺናቫርቲ ነው ብሎ ቢገዛው አይፈረድበትም። በብዛትም የሚሸጠው እሱ ነው።

አሁን የሻጮቹን ምክር በዚህ ዛጎል ላይ እንሞክረው።

«ጆሯችሁ ላይ አድርጉት፤ የባሕር ድምፅ ወይም ኦም የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እውነተኛ ነው።» የምትሰሙት ባሕር አይደለም። በዙሪያችሁ ሁልጊዜ ትንንሽ ድምፆች አሉ፤ የመኪና፣ የነፋስ፣ የፍሪጅ። ዛጎሉ ውስጥ ያለው አየር ከእነዚህ ድምፆች መካከል ከቅርጹና ከመጠኑ ጋር የሚስማሙትን ያጎላቸዋል። ኩባያ ወይም ባዶ ጣሳ ጆሯችሁ ላይ ብትደፉም ትሰማላችሁ። አሁኑኑ ሞክሩት። ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ደግሞ ምርጡ ሻንካም ዝም ይላል። ዌልኩ ይህን ፈተና ያልፋል፤ የፕላስቲክ ኩባያም ያልፋል።

«ጨው ውሃ ውስጥ ይደር፤ ሐሰተኛ ከሆነ ይሰነጠቃል።» እንግዲህ ዌልክ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ጨው ውሃ ውስጥ ነው። ከሬዚን የተቀረጸውም ቢሆን ግድ የለውም፤ ብዙ ጀልባ የሚሠራው እኮ ከሬዚንና ከመስታወት ክር ነው። ምናልባት ከጄሶ የተሠራ ቢኖር እሱ ይጎዳል።

አቼቶ ማንጠባጠብ የሚመክሩም አሉ። ዛጎል ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ሲነካው ይፍለቀለቃል፤ እውነት ነው። ግን እምነበረድም ይፍለቀለቃል፣ በሬዚን የተለወሰ የእምነበረድ ዱቄትም፣ ዌልኩም እንዲሁ። ለዚህ መልስ ብላችሁ የተወለወለውን ገጽ ታበላሻላችሁ። ለአምልኮ የሚቀመጥ ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ምክር መስጠት በበኩሌ አሳፋሪ ነው።

ራጁ የሚለየው ሳይንስ መስሎ መቅረቡ ነው። ፊልም አለ፣ ማህተም አለ፣ «በተፈጥሮ ወደ ቀኝ የሚዞር» የሚል ወረቀት አለ። ለወጣት አንባቢ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛልና ላቆያችሁ። ራጅ ጥላ ነው። ተጭኖ ከሚከፈት እስክሪብቶ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሞላ አውጡና በፀሐይ ግድግዳ ላይ ጥላዋን እዩ። ጥላው ዚግዛግ መስመር ነው። ወደ ቀኝ የተጠመጠመች ሞላና ወደ ግራ የተጠመጠመች ሞላ የሚጥሉት ጥላ አንድ ነው። ለምን? ጥላው የፊቱን ጥምዝና የኋላውን ጥምዝ አንድ ላይ ስለሚደፈጥጣቸው ነው። የትኛው ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሆነ የሚነግረን መረጃ ጠፍቷል። ራጅም እንዲሁ ነው፤ ጨረሩ ሁለቱንም ግድግዳ አልፎ አንድ ፊልም ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ፊልሙን ከፊት ወይም ከጀርባ ማየት ይቻላል፤ ያኔ ቀኙ ግራ ይሆናል። ስለዚህ ፊልሙ ለብቻው ዛጎሉ ወዴት እንደሚዞር ሊነግራችሁ አይችልም። ለእሱ ራጅ አያስፈልግም፤ ዛጎሉን በእጅ ይዞ በዓይን ማየት ይበቃል። ወረቀቱ የሚመሰክረው ማንም በነጻ ሊያየው የሚችለውን ነገር ነው፤ በማያሳየው መሣሪያ።

እሺ፣ አዟዟሩ ትክክል ነው እንበል። ዌልኩም እኮ በእርግጥ የተፈጥሮ ዛጎል ነው፤ በእርግጥም በዚያው አቅጣጫ ይዞራል። ስለዚህ «የተፈጥሮ ነው፣ ዳክሺናቫርቲ አዟዟር አለው» የሚለው ወረቀት አንድም ውሸት ሳይኖርበት ገዢውን ያሳስተዋል። ያልተጠየቀው ጥያቄ «የማን ቤት ነው?» የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ዛጎሉ ላይ ተጽፏል። አፉን ወደ ብርሃን አዙሩና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ዛጎሉ የተጠመጠመበት የመሃል ምሰሶ ይታያችኋል። በተርቢኔላ ምሰሶ ላይ ሦስት ወይም አራት ጎላ ያሉ እጥፋቶች አሉ፤ እንደ ብሎን ጥርስ ምሰሶውን እየዞሩ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ጣት ሲገባ ይዳሰሳሉ። የዌልክ ምሰሶ እንዲህ ያሉ ጠንካራ እጥፋቶች የሉትም፤ ለስላሳ ነው ማለት ይቻላል። ግድግዳውም ሳሳ ይላል፣ ጅራቱም ረዘም ብሎ ይወርዳል፤ ግን ጅራት ይቆረጣል፣ ቅርጽ ይሞረዳል። እጥፋቱ ያለው ውስጥ ስለሆነ ዛጎሉን ሳይሰብሩ እስከ ውስጥ ድረስ እሱን አስመስሎ መቅረጽ ከባድ ነው። በአርቲስትም በሻጭም የማይነካ ምልክት ማለት ይሄ ነው። ራጁም ያኔ ሥራ ያገኛል፤ በደንብ ከተነሳ እጥፋቶቹ ምሰሶው ላይ ይታዩበታል። ወረቀት ሰጪው ግን ብዙ ጊዜ የሚመሰክረው ስለ አዟዟሩ ነው።

ከሬዚን የተቀረጸውን ለመለየት ደግሞ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። በሳህን ውሃ አድርጋችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ዛጎሉን በክር አንጠልጥላችሁ ሳህኑን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ አስገቡት፤ ውስጡ የቀረ አየር እንዲወጣ እያዘነበላችሁ። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የዛጎሉ ይዘት በሚሊ ሊትር ነው፤ አርኪሜድስ። አሁን የዛጎሉን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍሉት። ለምሳሌ ዛጎሉ 500 ግራም ቢመዝንና ሚዛኑ 178 ቢል፣ 500 ሲካፈል ለ178፣ 2.8 ገደማ ይመጣል። ዛጎል በአብዛኛው አራጎናይት ከሚባል የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት የተሠራ ስለሆነ ከ2.7 እስከ 2.9 ባለው ክልል ማረፍ አለበት። ንጹሕ ሬዚን 1.2 አካባቢ ነው፤ ያው መጠን ያለው የሬዚን ዛጎል 214 ግራም ብቻ ይመዝናል ማለት ነው። የድንጋይ ዱቄት ሲጨመርበት ይከብዳል፤ ቢሆንም ዛጎሉ ላይ ለመድረስ ይቸግረዋል። ሚዛኑ ሬዚንን ይጥላል፣ ዌልክን ግን አይጥልም። እጥፋቱ ዌልክን ይጥላል። ሁለቱን ማድረግ ነው።

አንድ ሰው «እጥፋቱን አይቻለሁ፣ ባለሙያም አሳይቻለሁ፤ ስለዚህ ተረጋግጧል» ቢላችሁስ? እዚህ ጋ የብርቅነት ሒሳብ ይገባል። ቁጥሩን እኔ ለምሳሌ ያመጣሁት ነው። በአንድ ገበያ በዚያ አዟዟር የሚሸጡ 1001 ዛጎሎች አሉ እንበል፤ አንዱ እውነተኛ ዳክሺናቫርቲ፣ 1000 ዌልክ። ባለሙያው ጎበዝ ነው፤ እውነተኛውን ፈጽሞ አይስትም፣ ከመቶ ዌልክ ግን አምስቱ ያታልሉታል። ስንቱን «እውነተኛ» ይላል? አንዱን እውነተኛና 50 ዌልክ፤ በድምሩ 51። ከ51ዱ አንድ። ማለትም ባለሙያው አረጋግጦ ከሰጣችሁ ዛጎል ውስጥ እውነተኛ የመሆን ዕድሉ 2 በመቶ ገደማ ነው። ባለሙያው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ የሚፈለገው ነገር በጣም ብርቅ፣ የሚመስለው ደግሞ በጣም ብዙ ስለሆነ ነው። ሐኪሞችም ብርቅ በሽታ ሲመረምሩ የሚገጥማቸው ይኸው ሒሳብ ነው። አንድ ሱቅ መደርደሪያው ላይ አሥር ዳክሺናቫርቲ ደርድሮ ሲያሳያችሁ፣ ዛጎሎቹን ሳትነኩ ድርድሩ ራሱ መረጃ ነው።

ሻጮች ለዚህ የሚሰጡት መልስ አለ፤ «ዋናው እምነቱ ነው» ይላሉ። ለአማኙ ይህን የማለት መብት አለው፤ የትኛው ዛጎል ለአምልኮ እንደሚበቃ መወሰንም የቤተ መቅደሱ አገልጋይ ድርሻ ነው፣ የእኔ አይደለም። ከሬዚን የተሠራ ሻንካም ቢሆን «ሬዚን ነው» ተብሎ ከተሸጠ በእኔ ዓይን ምንም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም አንድ ቀንድ አውጣ ባሕር ውስጥ ይተርፋል። ዌልክንም «ከአሜሪካ የመጣ ዌልክ» ብሎ በዌልክ ዋጋ መሸጥ ይቻላል። ሻጩ ግን ዋጋውን ሲጠራ በብርቅነት ይጠራል፣ ሲጠየቅ ወደ እምነት ይሸሻል። ብርቅነት ደግሞ የሚቆጠር ነገር ነው።

ስለ ሚነፋው ሻንካ ሁለት ቃል ልበል። እሱ ላይ ፈተናው ቀላል ነው፤ መንፋት። ከንፈራችሁ ሲንቀጠቀጥ ዛጎሉ ውስጥ የተጠመጠመውን የአየር ዓምድ ያናውጣል፤ ስንጥቅ ካለ አየር ያመልጥና ድምፁ ይሰለላል። የተቆረጠው ጫፍ ለስላሳና ክብ መሆን አለበት። ትልቅና ቡናማ ዝንጉርጉር የሆነውን ትራይተን የሚባል ዛጎል እንደ ሻንካ የሚያቀርቡላችሁ ካሉ ግን ተዉት፤ ህንድ ውስጥ በዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ የተከለለ ነው።

በአሮጌው ዳካ ሻንካሪ ባዛር የሚባል ሰፈር አለ። የሠፈሩ ስም የመጣው ሻንካ እየቆረጡ ያገቡ የቤንጋል ሂንዱ ሴቶች የሚያደርጉትን ነጭ አምባር ከሚሠሩት ሰዎች ነው። እነሱ ዛጎሉን እንደ ዳቦ በአግድም ይቆርጡታል፤ ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል። ዳክሺናቫርቲ የሚገዛ ሰው ዛጎሉን መቁረጥ አይችልም፤ የሚችለው በአፉ በኩል በባትሪ ማየት ነው። ስለዚህ ሻጩን አንድ ፎቶ ጠይቁት፤ ባትሪ በአፉ በኩል በርቶ፣ የመሃል ምሰሶው ጎልቶ የሚታይበት፣ አጠገቡ የተጻፈ ወረቀት ያለበት። ራጁን ላኪ ያላላችሁት እንኳ ቢልክላችሁ፣ እንደገና ያንኑ ፎቶ ጠይቁት።